ለመውጣት በሽተኛ፣ ለመግባት ጤነኛ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ናዝሬት ላይ የማያውቅ ስለሌለ ነው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። እኔ ሶደሬ ስወርድ አልቦኛል። ፍል ውሃ ውስጥ ማን የማያልበው አለ ብትሉ፣ እኔን ያላበኝ ገና አውቶቡሱ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ባቡር ጣቢያ ትኬት ስቆርጥ፣ ባቡሩ ጥሩምባውን በነፋ ቁጥር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንግጫለሁ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሰው፣ ባቡር ጣቢያ ባቡር ይመጣል ብለህ አትጠብቅም እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ፍርሃቱም አብሮኝ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤው ከልጄ ከሙሉ ነው። ያለችኝ አንድ እሷው ናት። አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ከተማችን ውስጥ ጋራዥ የነበረው የአንድ ጣሊያን መካኒክ ልጅ አግብቷት አገሩ ወስዷታል። «አባዬ፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ» ትላለች። «ናና አብረኸን ኑር። እዚህ ጡረታ ያለው ሰው፣ የራሴ ገቢ አለኝ ብሎ ወረቀት ካሳየ የመኖሪያ ቪዛ ይሰጡታል። ያንተ ጡረታ ትንሽ ብትሆንም፣ እኛ ስለምንጨምርበት ይበቃል ብለውናል።» ፎቶግራፍም አብሮ አለ። ሕፃኑ ከእናቱም ከአባቱም ምንም አልወሰደም። ጆሮዎቹ ግን የእኔ ናቸው፤ ግራና ቀኝ የተከፈቱ መስኮቶች።

ደብዳቤውን ያነበብኩት ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ቆሜ ነው። ከዚያ ሬዲዮኑን ከኋላ ፈትቼ ውስጡ ደበቅሁት። የማታው ዜና ሲጀምር ደግሞ፣ ዜና አንባቢው እጁ ላይ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ስለሚያነብ የእኔንም ያነበዋል ብዬ ሰጋሁና አውጥቼ ትራሴ ውስጥ ሰፋሁት።

ለምን ይሄን ያህል ትሉኝ ይሆናል። ያን ዘመን ያላየ እንዲገባው ልንገረው። የሚቀበላችሁ አገር ቪዛ ቢሰጣችሁም፣ የራሳችሁ አገር ደግሞ የመውጫ ቪዛ ካልሰጠ ንቅንቅ የለም። ለመውጫ ቪዛው የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቀበሌ ደግሞ «ለምን ትሄዳለህ?» ይላል። «ለመኖር» ብሎ መመለስ፣ እዚህ መኖር አልቻልኩም ማለት ነው። እዚህ መኖር አልቻልኩም ያለ ሰው ደግሞ እዚያው አፉ ላይ ኮብላይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚኖር የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ የልጅ ልጄን ለማየት ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ መዋሸት። ውሸት ደግሞ ከባቡር ጥሩምባ የበለጠ ያስፈራኛል።

ምስጢሬን ያዋየሁት ለገመዳ ብቻ ነው። ገመዳ የባቡር ሾፌር የነበረ፣ እኔ ትኬት የቆረጥኩለትን ሰው ሁሉ ሲያደርስ የኖረ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ጡረታ የወጣ ወዳጄ ነው። ሚስትም ልጅም የለውም። ፍርሃት የሚባል ነገር እግዜር ሲፈጥረው አልሰጠውም፤ እንዲያውም የእሱን ድርሻ ለእኔ ደርቦ የሰጠኝ ይመስለኛል። እኔን ሲያገኝ የሰላምታው መጀመሪያ «ሂን ሶዳቲን» ነው፤ አትፍራ ማለቱ ነው። የምፈራው ነገር መኖሩን ሳይጠይቅ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ደብዳቤውን አነበብኩለት።

«ለሕክምና ነው የምሄደው በላቸው» አለ ወዲያው። «ለሕክምና የሚሄድ ሰው አይጠረጠርም።»

«ምን አሞኝ?»

«ኩላሊት።»

«ሽንት ስጥ ቢሉኝስ?»

«ሳንባ በላ።»

«ይተላለፋል ብለው ጋሪ እንኳ አያሳፍሩኝም።»

«እንግዲያ ልብ በል» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ልብን ማን ከፍቶ ያየዋል? ሂን ሶዳቲን።»

በማግስቱ ቀበሌ ሄድን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት የኳስ ዳኛ ነበር። ፊሽካዋን አልጣላትም፤ አንገቱ ላይ እንዳለች ነው። ስብሰባ የሚከፍተውም የሚዘጋውም በፊሽካ ነው። አንድ ጊዜ በስብሰባ መሐል ያንቀላፋ ሰው ላይ ነፍቶ፣ ከዚያ ወዲህ ሰውየው እቤቱም እንቅልፍ አልወስድ ብሎት ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልቤን አሞኛል» አልኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር አባባሌ አሳማኝ ነው።

ይቆጣል፣ ይመረምረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ ጭቁን ሠራተኛ ልቡን ሲታመም ሰፊው ሕዝብ እንዴት አይሰማውም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እኮ!» አለና ደብዳቤውን እዚያው አጻፈ። «ልባቸው ቢታመምም ከአብዮቱ ጎን የቆሙ» የሚል ዓረፍተ ነገር ራሱ ጨመረበት። እሑድ በስብሰባው ላይ ደግሞ ፊሽካ ነፍቶ ሕመሜን ለነዋሪው አወጀ፤ ሁሉም እየሄደ እንዲጠይቀኝም አሳሰበ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ። ያን ሰሞን ቤቴ ከሰው አልተላቀቀም። ጠያቂ ሲመጣ መተኛት አለብኝ፤ ጠያቂ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ነው የሚመጣው። የጎረቤቴ ወይዘሮ አሰገደች ጨው የሌለው አጥሚት በየቀኑ ታመጣና ጠጥቼ እስክጨርስ ከአጠገቤ አትነሳም። ክትፎና ቃሪያ ተከለከልኩ። ሴቶቹ ገብተው «እግዜር ይማርህ» ይሉኝና ወደ በሩ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። «ፊቱን አየሽው?» «አዬ፣ ምን ፊት አለው!» ሲባባሉ እሰማለሁ። ሲወጡ ተነስቼ መስታወት አያለሁ። እውነትም ፊቴ ጥሩ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ለመውጫ ቪዛው የሐኪም ወረቀት መምጣት አለበት መባሉ ነው። ሐኪሙ ጤነኛ ነህ ካለ ውሸታም ነኝ፤ ውሸታም ከሆንኩ ኮብላይ ነኝ። ሐኪም ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። ገመዳ ክንዴን ደግፎ ወሰደኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደጋፊነቱን ከእኔ በሽተኛነት በላይ አሳምሮ ተጫወተው። ሦስት እርምጃ ይሄድና ቆሞ ያለከልካል። ላቡን ይጠርጋል። ጫማው ጠብቦት የጫማውን ክር ፈትቶታል። ወይ ጉድ፣ እኔ እንዲህ ማለክለክ ብችል ኖሮ የምን ሥጋት ነበረብኝ ብዬ ቀናሁበት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የልብ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ሲያኖር ልቤ ሊወጣ ደረሰ።

«አባቴ፣ ሮጠው ነው የመጡት?»

«ኧረ አልሮጥኩም» አልኩ።

ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ገመዳን ረዘም አድርጎ አየው። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ፣ «አብሮዎት የመጣ ሰው እሳቸው ናቸው? እርስዎ ውጭ ይቆዩኝ፤ እሳቸው ይግቡ» አለ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ክፉ ነገር ለባለቤቱ አይነገርም፤ አብሮት ላለው ሰው ነው የሚነገረው። ሐኪም «ሰው አለዎት?» ያለ ቀን ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የእኔን የሚያህል ጆሮ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አንዲት ቃል አልሰማ አልኩ። ልዋሽ መጥቼ እውነቱን ይዤ ልመለስ ነው ብዬ አሰብኩ።

ገመዳ ከብዙ ቆይታ በኋላ ወጣ። ግንባሩ ወዝቷል። የሸሚዙ ቁልፎች አንዱ በሌላው ቀዳዳ ገብተዋል። ሰው ሲያዝን እንዲህ ይሆናል አልኩ በሆዴ።

«ምን አለህ?»

«ምንም የለብህም። ሂን ሶዳቲን። ወረቀቱን ይጽፍልሃል።»

«ገመዳ፣ ሙት በለኝ!»

«ምንም የለብህም አልኩህ እኮ!» አለና መንገድ ላይ ብርቱካን ገዝቶ ልጦ ሰጠኝ። ገመዳ በዕድሜው ለራሱ እንኳ ብርቱካን ልጦ አያውቅም፤ ከነልጣጩ ነው የሚመጠው። ብርቱካን የሚላጥለት ሰው ደህና አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። ጤነኛ ከሆንኩ እታሰራለሁ፤ በሽተኛ ከሆንኩ እሞታለሁ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መንገድ የለም፤ ምክንያቱም ጤነኛውንም የሚሞተውንም «ምንም የለብህም» ነው የሚሉት። የሐኪሙ ወረቀት በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተም ተመትቶበት ነው የተሰጠኝ። ማታ ማታ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጌ ላየው ሞክሬ ነበር። ማኅተሙ ብቻ ነው የሚታየው።

ፖስታውን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ዱከም ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሲፈተሽ፣ ወታደሩ ኪሴን ሳይነካኝ እጄን አንስቼ ነበር። «አባባ፣ ያውርዱት፣ ማን አንሳ አለዎት?» ብሎ አለፈኝ። የመውጫ ቪዛ የሚሰጠው ሹም ፖስታውን ቀዶ አነበበ። እኔን አየ። መልሶ አነበበ። ከዚያ አንድ ሹም በዚያ ዘመን የማያደርገውን አደረገ፤ ከመቀመጫው ተነሳና ወንበሩን ለእኔ ሳበልኝ።

«አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የለም» አልኩ።

ማኅተሙን መታው። ለሕክምና፣ ለሦስት ወር። የመውጫ ቪዛ አግኝቶ በኀዘን የወጣ ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ቀጥዬ ኤምባሲ ሄድኩ። የጡረታ ማረጋገጫዬን፣ የልጄን ደብዳቤ፣ ፎቶግራፌን ሰጠሁ። ወረቀት የሚቀበለው ያገሬ ልጅ ቆጠረና «አንድ ይቀራል፤ በገቢያቸው ለመኖር የሚገቡ ሰዎች የጤና ወረቀት ማምጣት አለባቸው» አለኝ።

«የልብ በሽተኛ ነኝ የሚል አለኝ» አልኩ በኩራት።

ሰውየው በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣ «አባቴ፣ ይሄ አገር በሽተኛ አልቸገረውም። ጤነኛ ነኝ የሚል ነው የምፈልገው» አለ።

እንግዲህ እዩልኝ። ለመውጣት በሽተኛ መሆን አለብኝ፤ ለመግባት ጤነኛ። አንዱን ወረቀት በቀኝ፣ አንዱን በግራ ኪሴ ይዤ፣ የሚጠይቀኝ ማን እንደሆነ እያየሁ እጄን ወደ ትክክለኛው ኪስ መስደድ ነው። ባደናግረውስ?

ከገመዳ ጋር ወደዚያው ሐኪም ተመለስን። ኮረብታውን ስንወጣ አሁንም ያለከልካል። «ተው እንጂ፣ ዛሬ እኮ ጤነኛ ነኝ» ስለው ሳቀ፤ ማለክለኩን ግን አልተወም። ሐኪሙ ጉዳዬን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና አሁንም እኔን ውጭ አስቀምጦ እሱን አስገባ። በዚህኛው ቀን ግን በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሚያየኝ ስላልነበረ፣ ተነስቼ እነዚያን ጆሮዎቼን ወደ ክፍተቱ አስጠጋሁ።

«እሳቸው ምንም የለባቸውም ብዬዎት ነበር» ይላል ሐኪሙ። «ያን ቀንም ልባቸው የመታው በፍርሃት ነው። ጤነኛ ናቸው ብዬ እጽፋለሁ፤ እውነት ነው።»

እግዚአብሔር ይመስገን ልል አፌን ስከፍት፣ ሐኪሙ ቀጠለ።

«በፊተኛው ወረቀትም ቢሆን አንድ ነገር አልፈጠርኩም። በእሳቸው ስም የጻፍኩት የእርስዎን ልብ ነው። ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት። መድኃኒቱን ይወስዳሉ? እግርዎ እኮ አብጧል። ክረምቱን መሻገር ከፈለጉ መተኛት አለብዎት። ሰው የለዎትም እንዴ? ይሄን ለእርስዎ ብቻ መናገር አልነበረብኝም።»

«ሰውማ አለኝ» አለ ገመዳ። «ያለኝ ሰው እሱ ውጭ የተቀመጠው ነው። አደራህን ልጄ፣ ለእሱ እንዳትነግረው። ከሰማ አይሄድም።»

ወደ አግዳሚው ተመልሼ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ፈራሁ ስል የኖርኩት ሁሉ ጨዋታ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ አላላበኝም፤ ዝም ብዬ በረድኩ። ያ ማለክለክ፣ ያ የጫማ ክር፣ የተዛነፈው የሸሚዝ ቁልፍ፤ ሁሉም ዓይኔ ሥር ነበረ፣ እኔ ግን የራሴን ልብ ሳዳምጥ ከረምኩ። ሹሙ ወንበር የሳበልኝ ለገመዳ ልብ ነው። ማኅተሙም የተመታው በእሱ ሕመም ላይ ነው።

ገመዳ ወረቀቱን እያውለበለበ ወጣ። «ጤነኛ! ማኅተም አለው!»

ወደ ቤት ስንመለስ ብርቱካን ገዛሁና ልጬ ሰጠሁት። «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩ።

የመግቢያ ቪዛውም መጣ። በመሄጃዬ ቀን ቀበሌው ጣቢያው ድረስ ሸኘኝ። ወይዘሮ አሰገደች ለመንገድ ጨው የሌለው ዳቦ ጋገረችልኝ። ሊቀመንበሩ ባቡሩን ቀድሞ ፊሽካ ነፋ። ሻንጣዬን ገመዳ ሊይዝ ሲል ነጠቅሁት። መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ «አውሮፕላን ማለት ሐዲድ የሌለው ባቡር ነው። ሂን ሶዳቲን» አለኝ። ባቡሩ ሲነሳ ሁሉም ወደ ቤቱ ዞረ፤ እሱ ብቻ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ።

ፎቶግራፉን አወጣሁ። ልጄን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ሕፃኑን ታቅፌ አላውቅም። ይህ ማኅተም ካለፈ ሌላ እንደማላገኝም አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ የሚዋሽ ድፍረት የለኝም። ገመዳም ያለው ይህንኑ ነበር፤ እንድሄድ። ባቡሩ ሞጆ እስኪደርስ አለቀስኩ። ሞጆ ላይ ሲቆም ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ።

ሽንኩርት ልትጭን ወደ ናዝሬት የምትመለስ የጭነት መኪና አሳፈረችኝ። ገመዳ አሁንም አግዳሚዋ ላይ ነበር።

«ምን ረሳህ?» አለ ብድግ ሊል እየሞከረ።

«አውሮፕላኑን ፈራሁት።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ እንባው እስኪፈስ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ቀበሌውም ሳቀ፣ ጣቢያውም ሳቀ። አንድም የተጠራጠረ የለም፤ ስለ እኔ የሚታወቅ ነገር ቢኖር ፍርሃቴ ነው። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ አስቁሞ «ለሕክምና ተፈቅዶለት አውሮፕላን በመፍራቱ» ግለ ሂስ አስደረገኝ። ሂሴን ዋጥኩ። ወይዘሮ አሰገደችም አጥሚቷን እንደገና ጀመረች። እኔም ድስቷን በነጠላ ሸፍኜ ለገመዳ እወስድለት ነበር። «እኔ ሰለቸኝ፣ አንተ ጨርስልኝ» እለዋለሁ። ይጠጣል። «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» እያለ ያማርራል። እሱ የእሱን ደበቀኝ፣ እኔ የእኔን ደበቅሁት፤ ሁለታችንም ምንም የለብንም ተባብለን ኖርን።

ክረምቱን ተሻገረ። ደመራንም አብረን አየን። አንድ ከሰዓት አጥሚቱን በማንኪያ ሳቀምሰው ሳቅ አለና፣ «አንተ ሰው፣ በፍርሃት ስንት ነገር አመለጠህ!» አለኝ። «ብዙ ነገር» አልኩት። በሳምንቱ ቀበርነው።

ሙሉ ከዓመታት በኋላ፣ ያ ሁሉ አልፎ በሩ ሲከፈት፣ ልጇን ይዛ መጣች። ያ ሕፃን ጎረምሳ ሆኗል፤ ጆሮዎቹ እንደ ጆሮዎቼ ናቸው። «አባዬ እኮ አውሮፕላን ፈርቶ ነው የቀረብኝ» እያለች ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራለች። ስቃ ነው የምታወራው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን መሐል ላይ ሳቋ ይቆማል። እኔ አንድም ቀን አላረምኳት።

እስከ ዛሬ ከእናንተ በቀር የሰማ የለም። እባካችሁ እንዳትነግሯት። አማርኛ ማንበብ አልረሳችም፤ አሁን የምፈራው ይህን ብቻ ነው።